የዌድ ጆሮና የአያቱ ፍርሃት

ወይዘሮ ኦፓል ስታምፐር የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ዌድን ይዘው ከክሊኒኩ ሲወጡ፣ በሩ ላይ ከእህታቸው ልጅ ከጄኔል ጋር ተገጣጠሙ። ጄኔል ኮሌጅ ተምራ ዌድ በሚማርበት በሸለቆው ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት።

«ምነው አክስቴ፣ ፊትዎ አመድ መሰለ?»

«ጆሮው ውሃ ቋጥሯል፣ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት መስማት ያቅተዋል አሉኝ። ለመፈረም ግን እናቱ ወይም በሕግ የታወቀ አሳዳጊ ያስፈልጋል ይላሉ። ልጄ ታሚ ደግሞ በዚያ በሱሷ የት እንደወደቀች እንኳ አላውቅም።»

«ታዲያ ፍርድ ቤት ሄደው ለምን አሳዳጊነቱን አይጠይቁም?»

«እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ማን ወረቀት ጠየቃት?»

«ያኔ ሐኪሙም የአጎትዎ ልጅ ነበራ!»

ወይዘሮ ኦፓል ሳቃቸው መጥቶ ዋጡት። «ዳኛው ቤቴን ያስፈትሻል፣ ዕድሜዬን ይቆጥራል፣ ልጁን ለባዕድ ይሰጥብኛል። ደግሞም...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ በታሚ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን አክስቴ። ታሚ መቼ እንዲህ አሳምራ ጽፋ ታውቃለች? አሁኑኑ ቢያስተካክሉት ይሻላል።»

«የገዛ ልጄን በዳኛ ፊት ላዋርዳት?»

«እናትነቷን ማን ይወስድባታል? ስትድን ልጄን መልሱልኝ ብላ መጠየቅ ትችላለች። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ነገ ታሚ ከማያውቁት ወንድ ጋር መጥታ ‹ልጄን ስጡኝ› ብትል፣ በምን ይከለክሏታል?»

ክፉ ነገር አስቀድሞ በማሰብ ወይዘሮ ኦፓልን የሚበልጥ ሰው በአገሩ አልነበረም። ጎርፉን፣ እሳቱን፣ እባቡን ሁሉ አስበዋል። ይህን ግን አስበውት አያውቁም። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሰውን አንዱን በር ሲያስጠብቀው ሌላውን ክፍት አድርጎ ያስረሳዋል።

በዚህ መሐል ዌድ ጠጠር እየለቀመ ወደ መኪናው መንገድ ተጠጋ። «ዌድ!» አሉ። ዞር አላለም። «ዌድ!» ብለው ጮኹ፤ አልሰማም። ጄኔል ሮጣ ክንዱን ይዛ መለሰችው።

ወይዘሮ ኦፓል የልጁን እጅ ይዘው፣ «ነገ ከሥራሽ አስፈቅጂና አብረሽኝ ፍርድ ቤት ሂጂ» አሏት።

ፍርድ ቤቱ ለታሚ በመጨረሻ አድራሻዋ ደብዳቤ ላከላት፤ አልመጣችም። የወይዘሮ ኦፓልን ቤት ሊያዩ ከፍርድ ቤቱ የመጡት ሴትዮ ጉድለት ብለው የመዘገቡት፣ ጭስ ሲኖር የሚጮህ ደወል አለመኖሩን ብቻ ነበር። ስለ ፊርማው ወይዘሮ ኦፓል ራሳቸው ሲናገሩ ዳኛዋ ገሠጿቸው፤ ከዚያም አሳዳጊነቱን አጸደቁላቸው። ዌድ በወሩ ታከመ። እንግዲህ አያቱ ሐኪም ቤትም ትምህርት ቤትም በገዛ ስማቸው ይፈርማሉ፤ ማንም ሰክሮ መጥቶ ልጁን ከአልጋው አይወስደውም፤ እናቱም በዳነች ቀን የት እንደምታገኘው ታውቃለች።

በመጸው አንድ ቀን ታሚ ደወለች። ወይዘሮ ኦፓል ስድብ እየጠበቁ ሁሉንም ነገሯት።

«እማዬ፣ አሁን ማንም አይወስደውም ማለት ነው?»

«ማንም።»

«እኔም ብሆን?»

«እስክትድኚ ድረስ፣ አንቺም ብትሆኚ።»



«ጥሩ አደረግሽ» አለች ታሚ። «ራሴን ነበር የምፈራው።»