አፌ ጥጥ ነክሶ የታረቅሁት ዕርቅ

ቡታጅራ ሦስት የመንጋጋ ጥርስ አስነቅዬ፣ ጉንጬ አብጦ፣ ጥጥ ነክሼ ቤቴ ተኝቻለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ከች አሉ! በአጥር ተጣልተን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልነበረንም።

«አላህ ያሽርሽ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። «መልስ መስጠት ሳትችይ ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት። ያኔ ተናድጄ ክፉ ቃል ተናግሬሻለሁ፤ አፉ በይኝ።»

የባሰውን የተናገርኩት እኮ እኔ ነበርኩ! ይህንኑ ልል አፌን ስከፍት በደም የራሰው ጥጥ ወደቀ፤ እንባዬም ተከተለ።

«ዝም በይ፣ ይደማብሻል» አሉና አጥሚቱን አብርደው በማንኪያ ያጠጡኝ ጀመር።

ሲሻለኝ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ገና ጀምሬ ሳልጨርስ፣ «እሱማ ያን ቀን በእንባሽ አልቋል፤ ይልቅ ግቢ» አሉኝ።