የተሸፈነና የተዘጋ

መሰላል ፍለጋ ወደ ሳሙና ፋብሪካችን ሁለተኛ ፎቅ ብወጣ፣ አጎትና የወንድም ልጅ ሲከራከሩ ደረስኩ። አጎትየው የጥገና ክፍል አለቃ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ መፍቻ» ይላቸዋል። ልጅቱ አባቷ ሞቶ በእጃቸው ያደገች፣ ዛሬ የፋብሪካው የደኅንነት ባለሙያ ናት። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምሠራው፤ ሁለቱንም ስለምወዳቸው አልፌ መሄድ አቃተኝ።

የክርክሩ መነሻ አንድ ጣውላ ነበር። አሮጌው ማሽን ሲነቀል ወለሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ቀርቷል፤ ጋሼ መፍቻም ጣውላ ጣል አድርገውበታል።

«ተሸፍኗል አልኩሽ እኮ!» አሉ።

«መሸፈኑንማ አየሁ፣ ጋሼ። ተዘግቷል ወይ ነው የምልዎ።»

«ደግሞ ሰዋስው ልታስተምሪኝ ነው?»

«ክፍት ቢሆን ዓይን ያለው አይቶ ያልፈው ነበር። አሁን ግን ወለል መስሏል። አልታሰረ፣ ምልክት የለው። አንዱ ትርፍ ጣውላ መስሎት ቢያነሳውስ?»

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አልወደቅሁም። ቀዳዳውን የማላውቀው መሰለሽ?»

«እርስዎ ያውቁታል። የሚመጣው ፈረቃ ግን አያውቀውም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አላወቅሁም፤ ጣውላውን አሁን ረግጬው ነው የመጣሁት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጋሼ ግን እንደ ስማቸው ናቸው፤ አንዴ የነከሱትን አይለቁም።

«ይሄ እንደ ወረቀት የሚነሳ መሰለሽ? ክብደቱን እዪው!» ብለው ጣውላውን በሁለት እጃቸው አንስተው አቀፉት። ፊታቸውን ጋረደው። እንደዚያው ሆነው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመዱ።

ልጅቱ ከኋላ ቀበቶአቸውን ጨምድዳ ሳበች። ሁለቱም በቂጣቸው ተቀመጡ። ጣውላው በቀዳዳው ሾልኮ ታች ሲያርፍ ሕንጻው አስተጋባ፤ ደግነቱ ከሥር ማንም አልነበረም።

«አንድ አባት ቀብሬአለሁ» አለች እያለቀሰች፣ ቀበቶውን ሳትለቅ። «ሁለተኛ አልቀብርም።»

ሽማግሌው ቀዳዳውን አዩት፤ እሷን አዩዋት። «‹ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው› የተባለው ለእኔ ነው ለካ» አሉ ቀስ ብለው። «በይ እሺ፣ እመቤቴ። እንዴት ነው የሚዘጋው?»

«የሰው ክብደት የሚችል የብረት ክዳን፣ በብሎን የታሰረ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። ክዳኑ በሚነሳበት ቀን ደግሞ ዙሪያውን አጥር።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት አሠሩት። «አታንሱኝ፤ ከሥሬ ቀዳዳ አለ» የሚለውን በገዛ እጃቸው ጻፉበት። ዛሬ አዲስ ገቢውም ሆነ ካርቶን ተሸክሞ እግሩን የማያየው ያለ ስጋት ይረግጠዋል፤ ማታም ሁሉም በእግሩ ቤቱ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ማንም «ጋሼ፣ ሸፍኜዋለሁ» ቢላቸው፣ «ሸፈንከው ወይስ ዘጋኸው?» ይሉና መልሱን ሳይጠብቁ ደረጃውን ይወጣሉ። ቀበቶአቸው ያን ቀን ከኋላ ተለጥጦ እንደተጣመመ ነው። አዲስ ልስጥዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

«ልጄ የያዘችኝ በዚህ ነው» አሉ።