ለሙሽራ መኪና የሚሆን ብራቾ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና በምንወጣበት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሁለት ዓይነት የመኪና ብራቾ ታቅፎ፣ አጠገቡ የተቀመጡትን የሽንኩርት ነጋዴ ያማክራል።

«ጋሼ፣ የኋላ ጎማ የሚይዙት የብረት ክንዶች እነዚህ ናቸው። ይሄ ጫፉ ላይ ጎሚኒ የሚሉት ላስቲክ አለው፣ ይለሰልሳል። ይሄኛው ብረት በብረት ነው፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ አትወዛወዝም።»

«የትኛውን መረጥክ?»

«ብረቱን። የስፖርት መኪና እኮ ናት!»

«ምን ልትሠራባት?»

«እሁድ ሙሽራዬን ከአሊዩ አምባ ላመጣባት።»

«በዚያ ኮረኮንች? የምትሽቀዳደመው ከአማትህ ጋር ነው?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ወላሂ፣ ልጅቷ ቤትህ ሳትደርስ ወገቧን ይዛ ትወርድልሃለች። እሷስ ምን አለች?»

«መንገዱን ስለምታውቀው፣ ጎሚኒ ያለውን አስገጥም ብላኛለች።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ወንድ ይደግፈኛል ብዬ ነዋ!»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ የያዝኩትን ደብተር ከፍ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።