አያ ታፈረና የማይከፈተው በር

መርጡለ ማርያም ድረስ በእግሬ ሄጄ ብምልላችሁ እንኳ አታምኑኝም፤ ልጃቸውን ሊድሩልኝ ቤቴን ለማየት የመጡትን አያ ታፈረን የገዛ ቤቴ አሰረብኝ። ቤቱን ሉማሜ ዳር የሠራሁት አንድ ባለሙያ በሰጠኝ ፕላን ነው። "የአረንጓዴ ግንባታ ደንብ ነው፤ ዛፍ ሳትቆርጥ በጭቃ ጡብ ሥራ" አለኝ። ለጮቄ ተራራ ብርድ ብሎ መስኮቱን ድመት የማያሾልክ አደረገው። መሠረቱን ግን ድንጋያማ አገር ያለን ይመስል ስንዝር ብቻ አስቆፈረኝ። የኛ መሬት ደግሞ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

ያን ቀን ዝናቡ ዝሆን ያሰጥማል። አያ ታፈረ እንደገቡ፣ ሰሞኑን እየጠበቀ የመጣውን በር በትከሻዬ ገፍቼ ዘጋሁት። ሊሄዱ ሲነሱ ብስበው፣ ብስበው ወይ ፍንክች።

"ክፈተው እንጂ፣ አንተ ቀልደኛ።"

"ቀልድ አይደለም አያ፤ መሬቱ አብጦ መቃኑን ጨመቀው።"

"በዋልካ ላይ እንዲህ ያለ መሠረት ማን ጣለልህ?"

"ደንቡ ነው።"

"ደንቡ ዋልካ አይቶ ያውቃል?"

በመስኮቱ እንሞክር ብንል ጭንቅላታቸው ወጣ፣ ሆዳቸው ቀረ። መልሼ ስጎትታቸው ጋቢያቸው ተቀደደ። በቃ፣ ልጃቸው ከእጄ ወጣች ብዬ ከግድግዳ ግድግዳ እንቆራጠጣለሁ። እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው በሩን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

"ሰርጉን ደግስ" አሉኝ። "ሁለት ባል ጥላ የመጣችብኝ ልጅ ከዚህ ቤት መቼም አትወጣም።"