ያለ ጥፋቱ የታማ መርፌ

ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከጎኔ ጉንጫቸውን በነጠላ ያሰሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዘወር ብዬ ባያቸው የደብራችን የዜማ መምህር መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው።

«እንደምን ዋሉ የኔታ! ጉንጭዎ ውስጥ ሎሚ ደበቁ እንዴ?»

«አንቺ ሲና፣ ምላስሽ መቼም አያርፍ! መንጋጋዬ ነው። መሸንቲ አንድ ሰው በጉጠት ይነቅልልኛል።»

«ያለ ማደንዘዣ? ሐኪም እያለ?»

«መርፌውን አትጥሪብኝ! አምና ተወግቼ ወንበሩ ላይ ራሴን ሳትሁ። የፍልሰታን ማኅሌት የምመራ እኔ ነኝ፤ ብሞትስ ማን ይመራዋል?»

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ የዶክተር መቅደላዊትን የጥርስ ክሊኒክ ሳጸዳ ጆሮዬ አይቦዝንም።

«ያን ቀን ምን በልተው ነበር?»

«ሁዳዴ ነበር። ሌሊቱን ቆሜ አድሬ ነው የሄድሁት።»

«ለሐኪሙ ነገሩት?»

«ጾመኛ ነኝ ብዬ ልመጻደቅ? ጾም በስውር ነው፣ ልጄ!»

«ደብሩ ሁሉ የሚያውቀውን የደም ግፊት ክኒንዎንስ?»

«ቢጠይቀኝ ‹ደኅና ነኝ› አልሁት።»

«እንግዲያው መርፌውን ያለ ጥፋቱ ነው የሚያሙት! ባዶ ሆድ፣ ድካምና ፍርሃት ሲገናኙ ጎረምሳም ይወድቃል። ደግሞስ የኔታ፣ ከነፍስ አባቱ የሚደብቅ ሰው ንስሐ ገባ ይባላል? ሐኪምም እንደዚያው ነው።»

ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። «አንቺስ ተወግተሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እንጂ! ከንፈርሽ እስኪነቃ አትብዪ ስባል ቆሎ ቃምሁ። ለካ ከንፈሬንም አብሬ እያኘክሁ ነው! ሳምንት ሙሉ ዳክዬ መሰልሁ።»

«ዳግመኛ ብወድቅስ?»

«እኔ የማጸዳላት ዶክተር ወንበሩን አስተኝታ እግርዎን ከፍ ታደርጋለች፤ ወዲያው ይነቃሉ።»

ባሕር ዳር ስንደርስ የመሸንቲን መኪና አይተው አይተው ተከተሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾማቸውን ፈተው፣ ሽሮ በደኅናው ጉንጫቸው በልተው ሲያበቁ ክሊኒኩ ገባን። ጾሙንም ክኒኑንም ተናዘዙ። ዶክተር መቅደላዊት ግፊታቸውን ለካች፤ ጋደም አደረገቻቸው፤ ወግታም መርፌው ደም ሥር አለመግባቱን አይታ ማደንዘዣውን ቀስ ብላ ሰጠቻቸው።

በኋላም «መቼ ነው የምትነቅይው?» አሏት።

ጥርሱ እጇ ላይ ነበር!

የፍልሰታ ዕለት ድምፃቸው ሐይቁ ዳር ካለው ደብራችን ወጥቶ ታንኳ ላይ ያሉትን ሳይቀር አስቆመ። ከዚያም ሕዝቡን እንዲህ አሉት፦ «ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ጾማችሁንም መድኃኒታችሁንም አትሰውሩ። እኔ ሰውሬ ወደቅሁ፤ ተናግሬ ግን ይኸው ዘመርሁ!»

በማግሥቱ ክሊኒኩን ልከፍት ስሄድ ሦስት ቄሶች ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሳልጠይቃቸው ሦስቱም በአንድ አፍ፣

«በልተናል!» አሉኝ።