ባሕሩን ገንፎ ያሉት እመቤት

ውይ ኔኔት፣ ውሃው እንዴት ደስ ይላል! ተባረኪ። ዛሬ ፀጉር ቤትሽም ጭር ብሏል፤ ዝናቡ ነው አይደል? ገበያውም እንዲሁ ነው። ዓሣው እኔን እያየ፣ እኔም ዓሣውን እያየሁ ዋልን። እስኪ ደህና አድርገሽ እጠቢኝ፤ ሳሙናውን አትሰስቺብኝ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ የሚቀመጠው ሰው በጸሎት መሃል ምሳው ትዝ እንዳይለው።

የትናንቱን የድራማውን ክፍል ነው? እንዴት አላየውም! ያቺ የቤት ሠራተኛ የሀብታሙ እውነተኛ ልጅ መሆኗ ሲታወቅ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር እኮ። ግን የኔ አስተያየት ምን ዋጋ አለው ብለሽ ነው? ቴሌቪዥኔን ታውቂው የለ... ቀለሙ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ቢጫ ነው። ተከታታዩ የጀመረ ሰሞን የወፍ በሽታ የያዘው ቤተሰብ ታሪክ መስሎኝ፣ «ኧረ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ዘመድ እንኳ የላቸውም?» እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ መሰለሽ። ደግሞ ክፉዋን እንጀራ እናት ቁርጥ የምትመስል አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ ምስኪን፣ ስንት ጊዜ ኮሳሳ ኮሳሳውን ዓሣ እየመረጥኩ ሸጥኩላት! የኔ ተመልካችነት እንግዲህ እስከዚህ ነው።

ለዚህ ነው አዋቂ ሰው የማከብረው። የኛ ሰፈር መቼም ታድሏል... ስም አልጠራም። አንዲት እመቤት አሉ። ቴሌቪዥናቸው ግድግዳ ያህላል አሉ፤ እኔ ገብቼ አላየሁትም፣ ዓሣ ሻጭ በጓሮ በር ነው የሚገባው። በመንደሩ የስልክ ግሩፕ ስለ ፊልሙም ስለ ተከታታዩም አስተያየት የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ምን ዓይነት አስተያየት! ገና ማስታወቂያው ሲወጣ እሳቸው ጨርሰውታል። እኛ በየማታው እየጠበቅን ቁራጭ ቁራጩን እንለቃቅማለን፤ እሳቸው መጨረሻውን ነግረውን ያርፋሉ። ይሄ ስጦታ አይደለም ትያለሽ?

ምነው፣ ፀጉሬን ሳብ አደረግሽው? ማንን ነካሁ? ካስኩ ሥር የተቀመጡትን ነው? ኧረ እሳቸውን ምን አገባቸው! ቢጎዲናቸው እስኪደርቅ መጽሔታቸውን ያነባሉ... ገልብጠው ቢይዙትስ? የለመደ ሰው በየትም በኩል ያነባል። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እና የኔን አርሊንን ታውቂያት የለ፣ ማኒላ የካርቱን ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ጋ የምትሥለውን? ልጅቷ እናቷን ፍለጋ በጀልባ የምትወጣበት ፊልም አለ አይደል፣ እሱ ላይ ባሕሩን የሣለችው እሷ ናት። ሰዎቹን አይደለም፣ ጀልባውንም አይደለም፤ ውሃውን ብቻ። ስትነግረኝ ምን አልኳት መሰለሽ? «ልጄ፣ ውሃ ለመሣል ነው ያን ሁሉ ዘመን የተማርሽው? እዚህ በነፃ ሞልቶ!» ይቺም እናት ናት በይ። እሷ ግን ሳቀች። ሌሊት ሌሊት የኛን ዳርቻ በሐሳቧ እያየች ነው የሣለችው፤ የአባቷ ጀልባ የሚታሰርበትን፣ ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ የሚያንኳኳበትን።

ፊልሙ ኢሎኢሎ ከተማ ሲኒማ ቤት እንኳ ሳይደርስ እኚያ እመቤት አስተያየታቸውን ጻፉ። «ባሕሩ የቀዘቀዘ የሩዝ ገንፎ ይመስላል። የሣለው ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም።» አለቀ። ምን ያምራል አጻጻፉ! እኔ ብሆን ገና ሰላምታው ላይ ነበርኩ።

አርሊን ግሩፑ ውስጥ አለች እኮ። እሳቸው ማን እንደ ሣለው አላወቁም ይሆናል... ወይም አውቀዋል፤ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ይህቺን ብቻ ምን ያሳጣዋል? ልጄ ደወለችልኝ። ድምጿ ሌላ ሆኗል። «እማ፣ እውነት ገንፎ ይመስላል?» አለችኝ። ምን ልበላት? ፊልሙን አላየሁትም! ያላዩትን ነገር እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ብሎ መናገር እንደሚቻል የሚያስተምረኝ ሰው ጠፍቶ፣ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ እሷ አዎ ያልኩ መሰላት። ከዚያ ወዲያ ስደውልላት አታነሣም። በኋላ አክስቷ እንደነገረችኝ፣ ሥራውን ልትለቅና የገበያ አዳራሽ ሒሳብ ተቀባይ ልትሆን ማመልከቻ አስገብታለች። ለመንደራችን ክብረ በዓል ስትመጣ ልብሷን ሁሉ ሸክፋ መጣች። አልጠየቅኳትም። ሻንጣውን ሳነሣው ክብደቱ ነገረኝ።

በበዓሉ ማግስት ከሰዓት በኋላ አባ ኢሲድሮ ያንኑ ፊልም በመንደራችን የቅርጫት ኳስ ሜዳ አሳዩን አይደል? ጣራው ሥር ነጭ ጨርቅ ተሰቀለ፣ ዙሪያው በጥቁር ፕላስቲክ ተጋረደ፤ ሙቀቱ ዓሣ ቢሰጡት ያበስላል። አንቺ ያን ቀን እህትሽ ጋ ሄደሽ አመለጠሽ። እኚያ እመቤት ከፊት ከልጆቹ ጋር ወንበር ተደረገላቸው፣ ድምፅ ማጉያም ተሰጣቸው። መቼም አዋቂ እያለ ፊልም ዝም ብሎ አይጀመርም። «መሐረብ አዘጋጁ፤ መጨረሻ ላይ እናትየው ሰጥማ ትሞታለች» አሉን።

እኔ መሐረብ አይበቃኝም ብዬ ፎጣ አስመጣሁ። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ለቅሶ ላይ መዘግየት አልወድም፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጅቷ ቁርስ ስትበላ አለቀስኩ። ፍየሏን ስታስር አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ዘመዴ የሞተ መስሏቸው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። መጨረሻው ደረሰ። ፎጣዬን ዘረጋሁ። እናትየው... ከጀልባዋ ዱብ አለች! ደረቅ ዓሣዋን በጭንቅላቷ ተሸክማ፣ ዳሌዋን እየነቀነቀች፣ እየጨፈረች። ኔኔት ሙች፣ እንዲህ ያለ ጤነኛ ሬሳ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ያ በረዶ ተሸካሚው ኖንግ ቴምዮ ከኋላ ብድግ ብሎ፣ «እመቤት፣ ይቅርታ... የሞተችው የትኛዋ ናት?» አለ። በአክብሮት ነው የጠየቀው እኮ! ሰዉ ምን እንዳሳቀው እንጃ፤ አባ ኢሲድሮ ራሳቸው ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። «እውነተኛውን መጨረሻ ቆርጠውታል» አሉ። እኔ ወዲያው አመንኩ። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ከባድ ይሆናል ብለው ነዋ የቆረጡት! ግን ያን ሁሉ አስቀድሜ የከፈልኩትን እንባ ማን ይመልስልኝ?

ስንወጣ አርሊንን ፈለግኳት፤ በሩ አጠገብ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። እሷም አልቅሳለች። «እናትየው እኮ አልሞተችም» አልኳት፣ ያላየች መስሎኝ። «ፊልሙን አላየሁም እማ» አለችኝ። «ምን ስታዪ ነበር ታዲያ?» «እግራቸውን።»

ለካ ፊልሙ ላይ ትልቅ ማዕበል የሚመጣበት ቦታ አለ፤ ባሕሩ ወደኛ ተንከባሎ ጨርቁን የሚሞላበት። እኔ ፎጣ ውስጥ ስለነበርኩ አመለጠኝ። ልጆቹ ከፊት ተቀምጠው፣ ውሃው ሲመጣባቸው ሁሉም በአንዴ እግራቸውን ወደ ላይ! ነጠላ ጫማቸው እንዳይርስ። «ሁሉም ልጆች?» አልኳት። «ሁሉም፤ ደግሞ አንድ ጥንድ አዲስ ተረከዛም ጫማ» አለችኝ... ከልጆቹ ሁሉ ከፍ ብሎ የተነሣ። የማን ጫማ ነው? እኔ ምን አውቄ! ከፊት ወንበር የተሰጠው ሰው ብዙ አይደለም እንጂ። መቼም ገንፎም ቢሆን ጫማ ያበላሻል፤ መጠንቀቅ ጥሩ ነው።

ያን ዕለት ማታውን ልጄ ሻንጣዋን ፈትታ፣ እዚህ ለቀሯት ቀናት የሚሆነውን ብቻ አስቀርታ፣ የቀረውን መልሳ ሸከፈችው፤ ለመመለሻ። ያቺን ማመልከቻ ትታታለች። አሁን ዝናብ ሣይ ብለዋታል አሉ። እኔማ «ጣራችን የሚያፈሰውን መጥተሽ እዪና ሣይ» አልኳት። ሳቀች፤ እንደ ድሮዋ፣ ስልኩ እስኪንጫጫ ድረስ።

እንግዲህ እኔን ሞኟን በአስተያየት ሰጪ ላይ ቂም ይዛለች እንዳትይኝ። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ እሳቸው ከግሩፑ ጠፍተውብኝ ከፍቶኛል። ምን ላይ ማልቀስ እንዳለብኝ ማን ይንገረኝ? ኖንግ ቴምዮማ የማንም ፊልም ስም በተነሣ ቁጥር «ማን ሞተ?» እያለ አስቸገረን...

በይ፣ የሳቸውም የደረቀ ይመስለኛል፤ ካስኩን አንሺላቸው፣ ጆሯቸው በጣም ቀልቷል። እንዴ! እመቤቴ፣ እርስዎ ኖረዋል? እንደምን ዋሉ? ውይ፣ ፀጉርዎ እንዴት አምሮበታል! እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ቤትዎን ይባርክልዎት። ያን የሚያህለውን እውቀትዎንም እሱ ራሱ ይጠብቅልዎት... ምንም ነገር አይተው እንዳይበላሽብዎት።