የሙሽሮቹ ደወል

አባዬና እማዬ ሐይቅ ከተማ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። አባዬ እማዬን ሳያማክር ጊደሯን ገበያ አውጥቶ ሸጠ፣ በቃ! ከዚያ ወዲህ «እናትህን ወጡ ጨው አንሶታል በላት»፣ «አባትህን ራሱ ይጨምር በለው» ሲባባሉ መልእክተኛው እኔ ነበርኩ።

እኔ ሳገባ የባለቤቴ የዘይነባ የዱባይ አሠሪ፣ አንዲት የአየርላንድ ሴት፣ መዳፍ የማትሞላ የነሐስ ደወል ላከችልን። በሰርጉ ማግስት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስጦታው ሲከፈት አክስቴ «ይሄማ ለፍየል አንገት ነው!» ብላ በሳቅ ገደለችን። ዘይነባ ግን «በሴትዮዋ አገር ለሙሽሮች ደወል ይሰጣል» አለች። «ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ መናገር ያቃተው ይደውላል። የሰማው ደግሞ የሰርጋቸውን ቀን አስታውሶ ይታረቃል።»

አባዬ እጁን ዘረጋ። ሊያያት መስሎኝ ሰጠሁት። ወደ እማዬ ዞሮ አንዴ አቃጨላት። ሱብሃነላህ! በሕይወቱ ለማንም ዝቅ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ «ሉባባ፣ አውፍ በይኝ» አለ።

እማዬ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ለማለት የፈረንጅ ደወል እስኪመጣ ጠበቅክ?» አለችው። በእኔ በኩል አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ ለራሱ።

ደወሏ እዚያው እነሱ ዘንድ ቀረች። እኔና ዘይነባ ስንኳረፍ ሄደን እንዋሳለን።